የስፌት መኪናው ሌባ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለማስ ዊዮኖ፣

እንደምን ሰንብተህልኛል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ያመመህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከሥራ ስትወጣ ጎበጥ ብለህ ነው የምትሄደው? ኮሪያ ብርዱ ጀመረ ሲሉ በዜና ሰምቼ፣ ያ የላክሁልህ ሹራብ ይበቃው ይሆን እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። አብረውህ የሚኖሩት ያገራችን ልጆችስ ደህና ናቸው? ሩዙን ማን ነው የሚያበስልላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ባለቤቴ ፕራሞኖ ደህና ነው፤ ልጃችን ላራስም ትምህርቷን ትማራለች፤ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። ስለ እናታችን ጤና ግን በአንድ መስመር የምመልስልህ ነገር ስለሌለኝ ትንሽ ታገሠኝ፤ እደርስበታለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ በደወልክ ቁጥር ስልኩን ለፕራሞኖ እያቀበልኩ «ፈተና እያረመች ነው» አስብዬሃለሁ። ውሸት ነበር፤ የማርመው ፈተና አልነበረኝም። ድምፅህን ከሰማሁ ሁሉንም እንደምዘከዝከው ስለማውቅና መዘክዘኩን ስለፈራሁ ነው የሸሸሁህ። ይህንንም ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ማስ ወንድሜ፣ ያደረግኩትን ስትሰማ እንደምታፍርብኝ አውቃለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ግን ከእኔው ብትሰማው ይሻላል።

ነገሩ የሆነው በሴፕቴምበር አንድ እሑድ ነው። ላራስ ከክፍሏ አንደኛ ስለወጣች ባለጎማ መንሸራተቻ ጫማ እንገዛልሻለን ብለናት ነበርና ሦስታችን በሞተር ሳይክል ተጭነን ወደ አሮጌ ዕቃው ገበያ ሄድን። ከድሮው የባቡር ሐዲድ ዳር የሚዘረጋውን ማለቴ ነው። አሁን ብታየው አታውቀውም፤ ከድልድዩ ተነስቶ እስከ መስጊዱ ድረስ ፕላስቲክ አንጥፎ ያልተቀመጠ ሰው የለም። ግማሽ ጥንድ ጫማ፣ አንገቷ የተቆረጠ አሻንጉሊት፣ የሰው ሠርግ ፎቶግራፍ ሳይቀር ይሸጣል። ፕራሞኖ እንደ ልማዱ አሮጌ ራዲዮ ሲያይ እግሩ ተያዘ። አንዱን አንስቶ «ይሠራል?» ቢለው ሻጩ «እኔ እስከሠራሁ ድረስ እሱም ይሠራል፤ የተወለድነው ባንድ ዓመት ነው» አለው። ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቴምፔ ተጠብሶ በላን፤ ላራስ የኮኮናት በረዶዋን ጠጣች፤ ባለጎማ ጫማውም በልኳ ተገኘ። እንደዚያ ቀን ተደስተን የወጣንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ልንመለስ ስንል ነው በእናታችን የስፌት መኪና ላይ ዐይኔ ያረፈው።

አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ክርና አሮጌ ቦርሳ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ዝቅ ባለች ጠረጴዛ ላይ ያ በእጅ የሚዞረው ጥቁሩ መኪና ተቀምጧል። የተሳለበት አበባ ግማሹ ለቋል። መጀመሪያ የሚመሳሰል መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ የእንጨቱን ጎን ሳይ ግን አንተ በሚስማር የጫርካቸው የስሞቻችን መጀመሪያ ፊደሎች እዚያው አሉ። በእነሱ ሰበብ በመጥረጊያ እንደተገረፍክ ትዝ ይልሃል።

አንተ በሄድክ በዓመቱ ሌባ በኩሽናው መስኮት ገብቶ እንደወሰደው ጽፌልህ ነበር። የመንደሩ ወንዶች ሁለት ወር ሙሉ ተራ ገብተው ዘብ ቆመዋል። እናታችን የሙሽራ ልብስ መስፋት ያቆሙት በዚያ ምክንያት ነው ብለን ስንት ዓመት አዝነናል። ስለዚህ ማስ፣ ፊደሎቹን ሳይ ደሜ ወደ ራሴ ወጣ።

«ይሄ መኪና ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«እሱ አይሸጥም የኔ ልጅ፤ ባለቤቴ ናት የምትሠራበት» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ከየት እንዳገኙት ደግሜ ጠየቅኩ። ከሰው እንደገዙት፣ ብዙ ዓመት እንደሆነው ነገሩኝ። ከማን ስላቸው ዚፖቹን መደርደር ጀመሩ። የእናቴ ዕቃ ነው፣ ከቤታችን የተሰረቀ ነው ስላቸው ቀና ብለው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩና ዐይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «እሱን መናገር አልችልም፤ የሰው አደራ አለብኝ» ነው ያሉኝ። እኔ ግን ያንን ዐይን መስበር የሌባ ዐይን መስበር አድርጌ ወሰድኩት። ፕራሞኖ ክንዴን ይዞ ቀስ በይ ኒንግሲህ፣ በእርጋታ እንጠይቃቸው እያለኝ ነበር። እጁን መነጨቅኩት።

ከዚያ ጮህኩ። «ሌባ!» አልኩ። አስተማሪ መሆኔን ተናገርኩ፣ የት ትምህርት ቤት እንደማስተምር ተናገርኩ፣ እኔ እንደማልዋሽ ሰው ሁሉ እንዲያውቅ። የአባታችንን ዕድሜ የሚያህሉ ሰው፣ «ፓክ» ብዬ አክብሬ ልጠራቸው የሚገባኝን፣ በልጄ ፊት «አንተ» አልኳቸው። «አንተ ሽማግሌ፣ አታፍርም?» አልኩ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

እንዲህ ባለ ቦታ «ሌባ» የሚለው ቃል ምን እንደሚያመጣ አንተ ታውቃለህ። ሰዉ እንደ ጎርፍ መጣ። አንዱ ዕቃቸውን በእግሩ በተነው፤ አንዱ ባለፈው ወር የእኔም ፓምፕ ጠፍቶብኛል ብሎ መጮህ ጀመረ። አንድ ወጠምሻ ጎልማሳ ምንም ሳይጠይቅ በጥፊ መታቸው። መነጽራቸው ወድቆ ተረገጠ። እሳቸው እጃቸውን እንኳ አላነሱም። የገበያው ጠባቂዎች ደርሰው ባይከቧቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ማስ፣ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ሲመቷቸው አላቆምኩም። ቆሜ አየሁ። እንዲያውም ልቤ «ይበለው» ይል ነበር።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ማስረጃ አለሽ ወይ ሲለኝ፣ የዕቃው ባለቤት ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ለእናታችን ደወልኩ። ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ ወደ ላይ ያዝኩት። መኪናውን እንዳገኘሁትና ሌባውም እንደተያዘ ነገርኳቸው። እናታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አጠገብሽ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ።

«ማንም የለም እማዬ፤ ይናገሩ» አልኳቸው።

አርባ ሰው ከቦኝ ቆሞ ማንም የለም አልኩ። ፈርተው እንዳይሸሽጉ፣ መሰረቃቸውን በግልጽ እንዲናገሩልኝ ብዬ ነበር።

«ያ ሰው ሳርጁ ነው፤ ጋሪ እየገፋ በየመንደሩ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው» አሉ እናታችን። «ሌባ አይደለም ልጄ፣ በአላህ ልቀቁት። እኔ ነኝ በገዛ እጄ የሸጥኩለት። የመስኮቱን መቀርቀሪያም የሰበርኩት እኔው ነኝ። ዐይኔ እየጠፋ ነበር ኒንግ። የመንደሩን ሹም ልጅ የሠርግ ልብስ እጅጌ መሐል ለመሐል ቆረጥኩት፤ ጨርቁን ከጣቴ ለይቼ ማየት አልቻልኩም። አረጀች፣ ታወረች ከምባል ተሰረቅኩ ብል ይሻለኛል ብዬ ነው። ለማንም እንዳይናገር፣ በተለይ ለልጆቼ እንዳይናገር አስምዬዋለሁ። አንቺም ለማንም አትንገሪብኝ።»

ስልኩን ማጥፋት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ጣቴ ግን አልታዘዘኝም። ሰው እስትንፋሱን ይዞ እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ከመንደራችን የመጡ ሁለት ሴቶች እዚያው መሐል ቆመው ነበር፤ ነጠላ ጫማ ሲመርጡ ጠዋት ሰላም ብያቸው ነበር።

ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ። ይቅርታ ያለ አንድም አልነበረም። ያ በጥፊ የመታቸው ሰው አሥር እርምጃ ሄዶ የብስክሌት ጎማ ዋጋ ሲከራከር አይቼዋለሁ። ፓክ ሳርጁ የተረገጠውን መነጽራቸውን አንስተው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ መስታወት ግን አልነበረውም። ላራስ ባለጎማ ጫማዋን አስቀምጣ በጉልበቷ ተንበርክካ የተበተነውን ቁልፍና ዚፕ ትለቅማለች። ማንም ልቀሚ አላላትም። እኔ ምን አደረግኩ? የማይሰማ ነገር አጉረመረምኩና የልጄን እጅ ይዤ ሄድኩ። ምሳ ሊገዙ ሄደው የነበሩት ባለቤታቸው ቡ ጊየም ሁለት የሩዝ ጥቅልል ይዘው ሲመጡ መንገድ ላይ አለፍናቸው። ማን እንደሆኑ ያወቅኩት ከኋላችን ባላቸውን አይተው ሲጮሁ ስሰማ ነው። እንደዚያም ሆኖ አልተመለስኩም።

ቤት ደርሰን ላራስ እጇን ስትታጠብ «እናቴ፣ ሲመቱዋቸው ለምን የአያቴን ስም አልተናገሩም?» አለችኝ። አደራ ስላለባቸው ነው አልኳት። «አንቺ የአያቴ ልጅ መሆንሽን እያወቁም?» አለች። አዎ፣ እያወቁም። የእናቴ ዕቃ ነው ባልኩበት ጊዜ ፊቴን ያዩት ለዚያ ነበር፤ ከእናታችን ልጆች ሊደብቁ የማሉት ነገር ነው። ያንን አደራ ሊጠብቁ ሲሉ ነው የተመቱት።

እናታችን ስልክ ማንሳት አቆሙ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደር ገብቶ ነበርና ረቡዕ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አላነሱኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መቱት?» አሉ። አዎ አልኩ። ከእንግዲህ መዋሸት አልቻልኩም። «እንግዲያው መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂጂ፤ ከዚያ ወደ እኔ ትመጫለሽ» ብለው ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። ግድግዳውን መዳበሳቸውን ያየሁት በዚያን ቀን ነው ማስ። በየሁለት ሳምንቱ እዚያ ቤት ስሄድ ኖሬያለሁ። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ሲነክሩ አይቻለሁ፤ የቆየ ልማድ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ልጆች ከመጨረሻው ወንበር ሲኮራረጁ የማይ አስተማሪ ነኝ፤ የእናቴን ዐይን ግን አላየሁም።

እሑድ ሦስታችንም ተመለስን። አዲስ መነጽር ለማሠራት የመስታወቱን ቁጥር ልጠይቃቸው፣ በዚያውም ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ይቅርታ ልላቸው አስቤ ነበር። ፓክ ሳርጁ ሲያዩኝ ቀለል አድርገው «መጣሽ?» አሉ እንጂ ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። ቡ ጊየም ግን መኪናውን ማዞራቸውን አቆሙ። ተንበርክኬ ጥፋቴን ማንሾካሾክ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«እንዲህ በሹክሹክታ አይደለም» አሉኝ። «ባለፈው እሑድ በጮኽሽበት ድምፅ ተናገሪው። ባሌን ሌባ ሲባል የሰማው ሁሉ አለመሆኑንም ይስማ።»

ፓክ ሳርጁ ተዪያት አሉ። ቡ ጊየም ግን አልተዉኝም፤ ልክም ነበሩ። ተነስቼ ቆምኩ። ግራና ቀኝ ስመለከት ከአንዱ ዳስ የተማሪዬ አባት ቧንቧ ሲመርጥ አየሁት፤ የአምስተኛ ክፍሉ የባጉስ አባት። እግሬ ሽሽ ሽሽ አለኝ። ላራስ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ጮህኩ። «እኔ የዚህ ከተማ አስተማሪ ነኝ» አልኩ፤ «ባለፈው እሑድ ፓክ ሳርጁን ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌባ አይደሉም። ዕቃውን በሐቅ ነው የገዙት። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያስመታኋቸውም እኔ ነኝ።» አንዳንዱ ዘወር ብሎ አየኝ፣ አንዳንዱ ሳቀ፤ ባለ ራዲዮው ዕቃውን ማስተካከል ትቶ ቆሞ ሰማኝ። የባጉስ አባት አንገቱን ደፋ።

ቡ ጊየም ቦታ ለቀውልኝ አንድ ቦርሳና ክፉኛ የተበላሸ ዚፕ ሰጡኝ፤ ፍቺው አሉኝ። እስከ ቀትር ጸሎት ድረስ ዚፕ ስፈታ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እንሄዳለን። ታረቁኝ ብዬ ልጽፍልህ ብወድም ገና አልታረቁኝም። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ለላራስ ብስኩት ይሰጧታል፤ እኔን ግን አሁንም «መምህሯ» ነው የሚሉኝ እንጂ በስሜ አይጠሩኝም።

እናታችን ጥፋቴን ገበያው ላይ የተናገርኩ ዕለት ከሰዓት ሄጄ ሁሉንም ስነግራቸው ከኋላዬ መጥተው ፀጉሬን ዳሰሱ። ስለ እሳቸው ምስጢር ይቅርታ ስላቸው «እኔም መንደሩን ሁለት ወር እንቅልፍ ነስቼው የለ» አሉና ሳቁ። ሲስቁ አለቀስኩ። በማግስቱ ወደ ዐይን ሐኪም ወሰድናቸው። የዐይን ሞራ ነው አለን። ግራው ነርቩ ተጎድቶ ጊዜው አልፎበታል፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለን፤ ያን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ቀኙን ግን ባለፈው ሳምንት ቀዶ ጥገና አደረጉላቸው። ማክሰኞ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት ላራስን ነው፤ የማን ልጅ ናት ይቺ ረጅም አሉ። እኔን ደግሞ ጠጋ ብለው መረመሩኝና «ሸብተሻል» አሉኝ።

አሁን ደግሞ አንተን የሚመለከተው። እናታችን ራሳቸው ጻፊለት ብለውኛል። በቪዲዮ በደወልክ ቁጥር «ወፈርክልኝ ልጄ» የሚሉህ ሳያዩህ ነው፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት ስልኩ ላይ የሚያዩት ብርሃንና የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የሥራ ቦታህ ማሽን ጣትህን ሲቆርጠው ልታሳያቸው እጅህን ስታነሳ፣ እሳቸው ሰላም ያልካቸው መስሏቸው እየሳቁ እጃቸውን አወዛወዙልህ። ቅር ብሎህ ብዙ ጊዜ ሳትደውል እንደቆየህ አውቃለሁ፤ እኔም በልቤ እናቴን ታዝቤያቸው ነበር። እስካሁን ስለ ጣትህ አያውቁም። የመጀመሪያዋ ደብቆ አዳሪ እናታችን፣ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሦስተኛ እንዳትሆን። ዓርብ ማታ ስልኩን ይዘው ይጠብቁሃል። አስቀድመህ በድምፅህ ንገራቸው፤ ከዚያ እጅህን አሳያቸው።

ፕራሞኖ ሰላም ብሎሃል፤ የገዛት ራዲዮ አንድ ጣቢያ ብቻ እንደምትይዝለት ንገሪው ብሎኛል። ላራስ ትስምሃለች፤ በባለጎማ ጫማዋ ወድቃ ጉልበቷን መላጧን እንዳልነግርህ ብትለምነኝም ነግሬሃለሁ። እናታችን ምርቃታቸውን ልከውልሃል፤ ደብዳቤውን እኔ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው ለማንበብ ገና ቢያቅታቸውም የፊደሎቹን ቅርጽ ያያሉ። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ። ከፓክ ሳርጁና ከቡ ጊየም ሰላምታ ልጨምርልህ እወድ ነበር፤ እስኪሰጡኝ ድረስ ግን በእነሱ ስም አልጽፍም።

እያፈረች የምትወድህ ታናሽ እህትህ
ኒንግሲህ

ሰማራንግ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2025